የሚያውቀኝ ሰው ስለ ማቅረብ

ለተከበሩ አቶ በርናባስ፣
በአዋሳ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ለሚገኘው የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤና እጠይቃለሁ። እኔ በባንክዎ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ከመቀመጥ ብዛት ወገቤን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። አግዳሚው ግን በስተግራ ያለው እግሩ ስለሚነቃነቅ ለዘበኛው ነግሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እርስዎን ለማነጋገር ቀጠሮ ስጠይቅ «በጽሑፍ ያቅርቡ» ተባልኩ፤ በጽሑፍ ሳቀርብ ደግሞ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከደንበኛ ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ጋዜጣ ላይ ግን ደንበኛ ያልሆነም ሰው ይጽፋል፤ እርስዎም ጠዋት ጠዋት በመስታወቱ ውስጥ ሆነው ጋዜጣ ሲያነቡ ስለማይዎት፣ በዚህ በኩል እንደምደርስዎት ተስፋ አደረግሁ።

ስሜ ብርሃነሽ ሽፈራው ይባላል። ባለቤቴ አምሳሉ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ ነበር፤ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ጦርነቱ ሲነሣ ከሌሎች ጋር ወጥቼ መስከረም ላይ እዚህ ገባሁ። አዋሳን የመረጥኩት ዘመድ ኖሮኝ አይደለም። አምሳሉ በወጣትነቱ አንድ ክረምት እዚህ ሠርቶ ስለነበር፣ በአሰብ ሙቀት ላቡ ሲንጠፈጠፍ «ጡረታ ስወጣ ሐይቁ ዳር እንገባለን» ይለኝ ነበር። ጡረታው ሳይደርስ ቀረ፤ ሐይቁን ግን ሄጄ አይቼዋለሁ፣ እንዳለው ነው። ማንበብ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ በጽሑፌ መካከል ሐሳብ ተቆርጦ ቢያገኙ፣ ያነበብኳቸው ጋዜጦች አብዛኞቹ ግማሽ ገጽ ስለነበሩ ይሆናልና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው። አንዲት ልጄ ሮማን ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዋ ደመወዟን ሳትሰጣት ይዛዋለች፤ «በእጅሽ ብሰጥሽ ትጠፊያለሽ፤ በእናትሽ ስም የባንክ ሂሳብ ቁጥር ካመጣሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እልከዋለሁ» ብላታለች። ውሏ የሚያልቀው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። እስከዚያ ቁጥሩ ካልደረሳት ወይ የሠራችበትን ትታ ባዶ እጇን ትመጣለች፣ ወይ «ቁጥሩ እስኪመጣ» ተብላ ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርማለች። ስለዚህ ከባንክዎ የምለምነው ብድር አይደለም። በስሜ የተከፈተ አንድ ደብተር፣ በላዩም የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህን ካስረዳሁ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ በመስኮቱ ያለችው ወጣት በመጀመሪያው ቀን «መታወቂያ ያምጡ፣ እናቴ» ብላ በጨዋነት ስላስተናገደችኝ አመሰግናለሁ። ከመጠለያው የተሰጠኝን የተፈናቃይ ወረቀት ባሳያት ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ እኮ መፈናቀልዎን ነው የሚናገረው፤ ማን እንደሆኑ አይናገርም» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ደግሜ አነበብኩት፤ እውነቷን ነው። ወረቀቱ ከየት እንደወጣሁ እንኳ ሳይናገር፣ መውጣቴን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛ፤ ባንክዎና ቀበሌያችን ሳይገናኙ እንዲህ መናበባቸውን አደንቃለሁ። ባንኩ የቀበሌ መታወቂያ አምጪ ይላል፤ ቀበሌው ደግሞ ከለቀቅሽበት ቦታ መሸኛ አምጪ ይላል። የለቀቅሁት አሰብን ነው። ሁለቱ መንግሥታት በአሁኑ ሰዓት በሌላ ሥራ ስለተጠመዱ የአንዲት መበለት መሸኛ ለመጻጻፍ ጊዜ እንደማይኖራቸው ለቀበሌው ጸሐፊ በትሕትና ባስረዳውም፣ «እሱ የኛ ችግር አይደለም፤ ጽፈሽ ጠይቂያቸው» አለኝ። ታዛዥ ስለሆንኩ ጻፍኩና ፖስታ ቤት ወሰድኩት። የፖስታ ቤቱ ሰው አድራሻውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንበር ሰጥቶ በብርጭቆ ውሃ አመጣልኝ። ወደዚህ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ የተጋበዝኩት የመጀመሪያው ነገር ስለነበር፣ ለዚህም ምክንያት የሆኑኝን ባንክዎንና ቀበሌውን ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ የፍቼን ቀን ልጨምር። ጸሐፊው ለበዓሉ እንደወጣ ሳላውቅ ከቀበሌው የተዘጋ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ ያልፍ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ የሲዳማ እናት ከሰልፉ ወጥተው ወደ እኔ መጡና እጄን ይዘው «አይዴ ጫምባላላ!» አሉኝ። የበዓል ሰላምታ መሆኑ ገብቶኛል፤ ምን ብሎ እንደሚመለስ ግን አላውቅም ነበር። ፈገግ አልኩላቸው። ጥቂት ጠበቁኝና እጄን ለቀው ሄዱ። መልሱን ማታ ከአከራዬ ልጅ ጠይቄ ተማርኩት፤ እስካሁን ግን የሚለኝ ሌላ ሰው አላገኘሁም።

ሦስተኛ፤ አዳራሽዎ ውስጥ እንድጠብቅ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ሳነብ ደንበኛ ባለመሆኔ ገና ተራ ዜጋ መሆኔን ተረዳሁ፤ ቅሬታም የለኝም። በዚያ አዳራሽ የምወደው ግን ወጣቷ ደብተር ለመመለስ ሰዎችን በስማቸው ስትጣራ መስማት ነው። በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ስሜን የሚጠራ የለም። አንድ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ብርሃነሽ!» ብትል ብድግ ብዬ እስከ መስኮቱ ሄድኩ። ሌላ ብርሃነሽ ነበረች። ይቅርታ ጠይቄ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሴትየዋ ጥሩ ጫማ ነበራት።

አራተኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። መሸኛ ማምጣት ያልቻለ ሰው፣ የሚያውቁት ሦስት የቀበሌው ነዋሪዎች ቀርበው ከመሰከሩለት መታወቂያ እንደሚሰጠው ጸሐፊው ነገረኝ። ከቀበሌው ደጅ ዛፍ ሥር ማንንም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ለማወቅ የተዘጋጁ፣ ዋጋቸውም የማይከብድ ሁለት ሦስት ሰዎች ይውላሉ፤ አንደኛው ገና ስወጣ «እትዬ፣ የት ነበር የምንተዋወቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። አመስግኜ አለፍኩት። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ አንዲትን ሴት ታውቂያታለሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ የሰጠሁት የሐሰት መልስ ስላለ፣ ሰውን ስለ ማወቅ ቃል መግዛት አይሆንልኝም። ከዚህ በላይ በጋዜጣ አልጽፈውም።

በዚህ ከተማ በእርግጥ የሚያውቀኝ ሰው ኑሪ ነው፤ መናኸሪያው ውስጥ ሱቅ አለው፣ ሮማን ዓርብ ዓርብ የምትደውለውም በእሱ ስልክ ነው። ነገር ግን መኖሪያው ሌላ ቀበሌ ስለሆነ የእሱ ማወቅ ለቀበሌያችን አይቆጠርም። በራሱ ሂሳብ ገንዘቡን ሊቀበልልኝ ፈቅዶ ነበር፤ አሠሪዋ የእናቲቱ ስም ካልሆነ አለች። ሲቸግረው እንዲህ ብሎ መከረኝ፤ «እትዬ ብርሃነሽ፣ ሰው የሚታወቀው በሠርግና በለቅሶ ነው። ሠርግ ሳይጠሩ አይሄዱም፤ ለቅሶ ግን ጥሪ የለውም።»

ምክሩን ተቀበልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእድር ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። የማላውቃቸውን ሟቾች ቀበርኩ፣ በድንኳኑ ውስጥ ውሃ ቀዳሁ፣ ንፍሮ አደልኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። ማልቀስም አላስቸገረኝም። አምሳሉን ስቀብር ጎረቤቱ ሁሉ ለስደት ሻንጣ ያዘጋጅ ስለነበር ድንኳን አልተተከለም፤ ያልተለቀሰለት ብዙ ነበር። በሰው ለቅሶ ላይ የራሴን ባለቅስ ማንንም የጎዳሁ አልመሰለኝም። ሰውም ወደደኝ። አጠገባቸው ያስቀምጡኝ፣ «በቃሽ፣ ራስሽን ትጎጂያለሽ» ይሉኝ ጀመር። ከየት መጣሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ለምን እንዳልጠየቁኝ በኋላ ነው የገባኝ።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ምስክር አገኘሁ። ባለፈው ወር ከጸሐፊው ፊት ቀረብን። በመጀመሪያ የእድሩ ዳኛ አቶ አልአዛር «አሳምሬ አውቃታለሁ፤ የነፍስ ኄር ወርቄ የአክስት ልጅ ናት» አሉ። ቀጥሎ የሟቹ ልብስ ሰፊ የአቶ ገብረጻድቅ ጎረቤት የሆነች ሴት «ምን ነካዎት ጋሼ! የገብረጻድቅ እህት አይደለችም እንዴ? በቀብሩ ላይ እንደ እሷ ማን አለቀሰ?» አለች። ሦስተኛው የመኪና ጥገና ባለሙያ ሲሆን፣ እኔን የሚያውቀኝ በአደጋ የሞተው የጓደኛው አክስት አድርጎ ነበር። «ከቱላ የመጣችው አክስቱ ናት፤ እኔ ራሴ ነኝ ድንኳኑ ውስጥ ያስቀመጥኳት» አለ። ሦስቱም ቆመው «የእኛ ናት»፣ «ኧረ የእኛ ናት» እያሉ ይከራከሩ ጀመር። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «ሴትዮ፣ አንቺ ለመሆኑ የማን ነሽ?» ሲለኝ ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር መመለስም አልፈለግሁም ነበር፤ ሦስት ሰዎች እኔን የእኛ ናት ብለው ሲጣሉ ትንሽ ብቆይ ምን አለበት ብዬ ነው። በመጨረሻ የማንም እንዳልሆንኩ ተናገርኩ። ጸሐፊው «ምስክሮቹ ስላልተስማሙ» ብሎ ጉዳዬን ዘጋው። አቶ አልአዛር ሲወጡ አላናገሩኝም። ሴትየዋ ግን ከበሩ ላይ ዞር ብላ «ታዲያ ለማን ነበር እንደዚያ ያለቀስሽው?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጊዜዎን ለማባከን ሳይሆን፣ ለችግሬ መፍትሔ ራስዎ በእጅዎ እንደያዙ ለማሳወቅ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የቢሮዎ በር ገርበብ ብሎ ሳለ ለዘበኛው «ያቺ የአሰቧ ሴትዮ ከሆነች፣ ስብሰባ ላይ ነው በላት» ሲሉ ሰማሁ። የአሰቧ ሴትዮ! በዚህ ከተማ ከየት እንደመጣሁ ያለ ስሕተት የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ሦስቱ ምስክሮቼ ያቃታቸውን እርስዎ በሁለት ቃል መሰከሩ። ፊቴንም ያውቃሉ፤ በመስታወቱ ውስጥ ሆነው ገና ከደረጃው ብቅ ስል ስልክ ማንሳትዎን፣ ስልኩም ሳይጮኽ ማንሳትዎን አስተውያለሁ። አረማመዴን፣ የነጠላዬን ጥለት፣ የምቀመጥበትን ቦታ ያውቃሉ። ከአምሳሉ ወዲህ እኔን በሩቁ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘበኛዎ እንደነገረኝ መኖሪያዎ በእኛው ቀበሌ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ ቀርበው፣ እኔ የአሰቧ ሴትዮ መሆኔን፣ የሌላ የማንም አለመሆኔን፣ እንዲመሰክሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዘበኛውና በመስኮቱ ያለችው ወጣትም የቀበሌያችን ነዋሪዎች ስለሆኑ፣ ከፈቀዱላቸው ምስክሮቹ ሦስት ይሞላሉ። እናንተ ሦስታችሁ በእኔ ጉዳይ ተለያይታችሁ አታውቁም። ከዚያ ያንኑ መታወቂያ ይዤ ባንክዎ እመጣለሁ፤ ወጣቷ ማን እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች፤ እርስዎም እስከዚያው እንደማያውቁኝ ሆነው መቆየት ይችላሉ።

ለቅርንጫፍዎ እድገትን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለአግዳሚውም ጠጋኝ አናጢን እየተመኘሁ፣

ከእውነተኛ አክብሮት ጋር
ብርሃነሽ ሽፈራው
የአምሳሉ ሚስት የነበረች፣ የሮማን እናት፣
በአዳራሽዎ በስተግራ በኩል የምትቀመጠው

አዋሳ፣ ሚያዝያ 1991 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ሮማን በደወለች ቁጥር «እማ፣ ቁጥሩ ምን ደረሰ?» ትላለች። እንዳትሸበር ብዬ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ በርናባስ የሚባሉ ደግ ሰው ጉዳዬን እንደ ራሳቸው ጉዳይ ይዘውታል አልኳት። እሷም አመነችኝ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ስትተኛ ስምዎን እየጠራች እንደምትጸልይልዎ ነግራኛለች። እስካሁን ተዪው አላልኳትም። የምትደውለው ከሐሙስ ማግስት፣ ዓርብ ነው።