ከታላቅ የሚጀምር ጉዞ፦ የአቶ የጌታሁን አርአያ የሕይወት ታሪክ

አቶ የጌታሁን አርአያ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ አርአያ ወንድምኩን እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አጸደ ገብረሥላሴ ሐምሌ 5 ቀን 1950 ዓ.ም. በጅጅጋ ከተማ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሁለተኛው ነበሩ። በአባታቸው ቤት ታላቅ ሳይጠጣ ለታናሽ ውሃ አይቀዳም፤ ከገበያ የመጣ ልብስም ታላቁ ሳይለካው ለማንም አይሰጥም ነበር። ይህ የቤት ሥርዓት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጅጅጋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሐረር ተከታትለው በ1969 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በጅጅጋ በነበረ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ በትኬት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡ ድረስ ለሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግለዋል። በካርቦን ወረቀት በእጅ ይጻፍ ከነበረው ትኬት እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ የመንገደኛ ስም በአንድ ፊደል እንኳ አልሳቱም ይባላል። ከደምበል፣ ከኤረርና ከሀርሺን የሚመጡ መንገደኞች ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደሚፈቀድላቸው፣ የት ወርደው ቀጣዩን አውሮፕላን እንዴት እንደሚይዙ የሰሙት ከእርሳቸው ነው። እርሳቸው ራሳቸው ግን ከአዲስ አበባ አልፈው አያውቁም።

በ1977 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወለተሐና መኩሪያ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሶሲናን፣ ኤቢንና ሰሎሜን ወልደው አሳድገዋል። ልጆቹ አድገው ሶሲና በካናዳ ካልጋሪ፣ ኤቢ በአውስትራሊያ ሜልቦርን፣ የመጨረሻዋ ሰሎሜ ደግሞ በስዊድን ስቶክሆልም ኑሯቸውን መሠረቱ።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከተማችን በታወከች ጊዜ አቶ የጌታሁንና ባለቤታቸው የረጅም ጊዜ ጓደኛቸው በሆኑት በግመል ነጋዴው በአቶ ዐብዲረዛቅ ቤት ሰባት ቀን ተጠልለው ሰነበቱ። ስልክ አይሠራም፤ ልጆቻቸውም ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በሰባተኛው ቀን አቶ የጌታሁን ለባለቤታቸው፣ «ከዚህ በደኅና ከወጣን ሦስቱንም በየቤታቸው ወስጄ አሳይሻለሁ» ሲሉ ቃል ገቡ።

ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ደርሶ መልስ ትኬት ለመቁረጥ የጡረታ አቅም አይፈቅድም። የዓለም ዙሪያ ትኬት የሚባለውን ግን ያውቁት ነበር፤ በአንድ ትኬት ምድርን ዞሮ መመለስ ነው። ደንቡንም በቃላቸው ይወጡት ነበር። ጉዞው በተጀመረበት አገር ያልቃል። ወደ ምዕራብ የጀመረ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ምሥራቅ የጀመረ ወደ ምሥራቅ ብቻ ይሄዳል፤ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ግን መመላለስ ይፈቀዳል። አትላንቲክና ፓስፊክ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሻገራሉ። ጉዞው ከአሥር ቀን አያንስም፤ ከዓመትም አይበልጥም።

ያስቸገራቸው የአባታቸው ሥርዓት ነው። መጀመሪያ ሊገቡ የሚፈልጉት በታላቋ በሶሲና ቤት ነበር። በምዕራብ ቢወጡ በመንገዱ ላይ ያለችው ሰሎሜ ትቀድማለች፤ በምሥራቅ ቢወጡ ኤቢ ይቀድማል። በኤረር ብርቱካን ላይ ሦስቱን ከተሞች በእስክሪብቶ ነጥበው፣ ከበር ላይ ተቀምጠው ያዞሩት ነበር። በየትኛውም በኩል ቢያዞሩት ሶሲና መሃል ናት። ብርቱካኑ ሲጨማደድ ሌላ ይገዛሉ።

ወ/ሮ ወለተሐና፣ «አንተ ሰው፣ ልጆቻችንን ልናይ ነው ወይስ ሹመት ልንሰጥ?» ይሏቸው ነበር። አቶ ዐብዲረዛቅም፣ «ዋላል፣ ወንድሜ፣ ግመል የሚጠጣው መጀመሪያ ከደረሰበት ጉድጓድ ነው። ይህ የታናሽ ነው ብሎ ተጠምቶ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አቶ የጌታሁን አብረው ይስቃሉ፤ ብርቱካኑን ግን ከእጃቸው አያወጡትም። በ2012 ዓ.ም. ልባቸው ተሸንፎ ከሰሎሜ ለመጀመር በወሰኑበት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ሰማዩ ተዘጋ። ይህንንም ሥርዓት በማፍረሳቸው የመጣ ተግሣጽ አድርገው ቆጠሩት፤ ሰማዩ ሲከፈት እንደገና ወደ ብርቱካኑ ተመለሱ።

በ2015 ዓ.ም. መፍትሔውን ያመጣችው ታናሿ ናት። ሰሎሜ ደውላ፣ «አባዬ፣ ስትሄዱ እዚህ አውሮፕላን ብቻ ቀይራችሁ እለፉ። አየር ማረፊያ መጥቼ እስማችኋለሁ። ቤቴ የምትገቡት ስትመለሱ ነው፤ እኔ መጨረሻ ነኝ» አለቻቸው። ከሃያ አራት ሰዓት በታች የቆየ መንገደኛ እንዳረፈ አይቆጠርም። አቶ የጌታሁን ይህን ለስንቱ መንገደኛ ሲያስረዱ ኖረዋል፤ የልጅን ከተማ ረግጦ ቤቷ ሳይገቡ ማለፍ ግን በአሳባቸው አልፎ አያውቅም ነበር። በዚያው ዕለት በንጹሕ ወረቀት ጻፉት፦ ጅጅጋ፣ አዲስ አበባ፣ ስቶክሆልም ሳይታረፍ፣ ካልጋሪ፣ ሜልቦርን፣ ስቶክሆልም፣ አዲስ አበባ፣ ጅጅጋ። ታላቅ፣ መካከለኛ፣ ታናሽ። አንድም ደንብ አልተጣሰም።

የሦስቱ አገሮች ቪዛ እየተጠበቀ ሳለ፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቆሙ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ቀን ሐረር እየተመላለሱ ደማቸውን በማሽን ያሳጥቡ ነበር። ትኬቱ ከአሥር ቀን በታች አይፈቅድም፤ ሐኪሙ ከማሽኑ ከአራት ቀን በላይ መራቅ አይፈቅድም። ብዙ ወራት ወረቀቱን ደጋግመው ሲያዩ ቢቆዩም ለዚህኛው ደንብ መውጫ አላገኙለትም። ቪዛው ደርሶ ፓስፖርቶቹ ሲመለሱላቸው ገልጠው አዩና፣ ስሞቹ በትክክል መጻፋቸውን አረጋግጠው፣ ከወረቀቱ ጋር ለባለቤታቸው ሰጧቸው።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ወለተሐና፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም እንደ ወንድም የኖሩት አቶ ዐብዲረዛቅ ዛሬ በሐዘን በፊታቸው ቆመዋል።

ሰሎሜ ቀድማ ደረሰች፤ ኤቢ በማግሥቱ ገባ፤ ሶሲና ከአውሮፕላን የወረደችው ዛሬ ጧት ነው። መንገዱ ተራቸውን ገልብጦታል። ስለዚህ ቤተሰቡ በእርሳቸው ሥርዓት ወስኗል፤ አፈር በማልበስ ሶሲና ትጀምራለች፣ ኤቢ ይከተላል፣ ሰሎሜ ትፈጽማለች።

ተራን የሚያውቅ አምላክ፣ ከታላቁ ከአብርሃም ጀምሮ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።