የጥቁር ነጠላው ኮሚሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የመጀመሪያው ኮሚሽን ዛሬ ገባ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ሸማ ተራ ያለው የእናቴ ሱቅ ገበያ ከራቀው ወዲህ፣ የሌሎችን ዕቃ በኢንተርኔት እያስተዋወቁ ኮሚሽን ማግኘት እየተማርኩ ነው። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ምን ብለው እንደሚፈልጉ አጥና፣ ገዢህን እወቅ ይላል ትምህርቱ። አጠናሁ። ብዙዎች የሚፈልጉት፣ ጥቂቶች ብቻ የጻፉበት ነገር አገኘሁ፦ «ጥቁር ነጠላ፣ ዛሬ የሚደርስ»። ገዢዎቹን «ይቸኩላሉ፣ ዋጋ አይከራከሩም» ብዬ መደብኳቸው። ገጽ ከፍቼ የሻጩን ሊንክ ለጠፍኩበት።

ምሳ ይዤላት ስሄድ ለእናቴ ነገርኳት።

«እሰይ፣ ደላላው ልጄ! ምን አሻሻጥክ?»

«ጥቁር ነጠላ። አንዲት ሴት ገዛች።»

የጠቀለለችውን ጉርሻ መለሰችው። «ማን ሞቶባት?»

«አላውቅም፣ እማዬ። ስሟንም አያሳየኝም።»

«ታዲያ እግዜር ያጥናሽ እንኳ ሳትላት?»

የምልበት ቦታ የለውም ልላት ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እግዜር ያጥናት» አለች። ምሳውንም አልጨረሰችው።

ቤት ገብቼ ገጹን ላጥፋው ብዬ ከፈትኩት። የሱቁን ኪራይ አሰብኩ። አላጠፋሁትም።

ይህን ስጽፍ ስልኬ ጮኸ፤ ሁለተኛ ኮሚሽን። ሌላ ሰው ሞቷል።