«የማለዳ ተኩስ» ተብላ ስለታሰረችው ሞተር ሳይክሌ

ለተከበሩ የመንደራችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እንቅልፍዎን የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ ሞተሯ እስክትያዝ ድረስ ሁለት ወር ሙሉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲያባንንዎት የከረመው የእኔ ሞተር ሳይክል መሆኑን ከሦስት ማስጠንቀቂያዎችዎ ተረድቻለሁና። እኔ በገበያው መግቢያ ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ፣ የጤና ጣቢያችን ብቸኛ አዋላጅ ባል የሆንኩ፣ ሰፈርተኛው «ኢንጂነር» እያለ የሚጠራኝ ዜጋዎ ነኝ። ማዕረጉ የተሰጠኝ በትምህርት ሳይሆን በሳቅ ነው።

ሞተሬ በጥበቃ ሠራተኞችዎ ተይዛ ግቢዎ ከገባች እነሆ ዘጠኝ ቀኗ። ለፍጥነትዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. የመጀመሪያው አቤቱታዬ በራሴ ላይ ነው። ሞተሯ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለች እግሬ እስኪዝል ስታስረግጠኝ፣ መካኒክ ጎረቤቴ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር መጽዳት እንዳለበትና ሥራው የግማሽ ሰዓት እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የስፌት መኪናዬን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴ እየፈታሁ የገጠምኩ ሰው ነኝና፣ ለአንዲት ሞተር ብዬ የሰው ደጅ መጥናት ውርደት መሰለኝ። ፈታኋት። ቤንዚን የምታሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍና አገኘኋት። ልብስ ሰፊ ቀዳዳ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ መርፌ ከተትኩባት። የመርፌው ጫፍ እዚያው ተሰብሮ ቀረ። ይህንን ያወቅኩት ግን ሁሉንም ገጥሜ ከጨረስኩ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው መርፌ የሰው ኮት ላይ ቁልፍ ልተክል ስታገል ነው። እስከዚያው ሞተሯ ስትነሳም ከጭስ ማውጫዋ በኩል አልፎ አልፎ መተኮስ ጀምራ ነበር።

፪. ሁለተኛው አቤቱታ ጽሕፈት ቤትዎንም በትንሹ ይነካል። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዎ እንደደረሰኝ መካኒኩን መጥራት ሲገባኝ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እንደገና ፈታኋት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር ሲገጠም አየር እንዳይገባ በመካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ እጄ ላይ ተቀደደ። የሚተካ ወፍራም ወረቀት በቤቱ ብፈልግ፣ ከክቡርነትዎ ማስጠንቀቂያ የሚወፍር አልተገኘም። በሚገባ ለክቼ፣ ማኅተሙን እንዳልቆርጥ ተጠንቅቄ፣ በመቀሴ አበጀሁት። መመካት አይሁንብኝና ቅዱ እንከን አልነበረውም። ነገር ግን ወረቀቱ ቤንዚን ሲነካው ተጨማደደ፣ አየርም በየስንጥቁ ገባ፣ ሞተሯም አልፎ አልፎ ትተኩስ የነበረችው በየማለዳው የምትተኩስ ሆነች። የጎን ጎረቤቴ ጡረተኛው ወታደር ሁለት ጊዜ አልጋ ሥር መግባታቸውን ሰምቼ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ክቡርነትዎ በሁለተኛው ደብዳቤዎ «ከማስጠንቀቂያው በኋላ ድምፁ ብሷል» ማለትዎ ፍጹም ትክክል ነው፤ የባሰውም በማስጠንቀቂያው ነው።

፫. ጥፋቱን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው ደብዳቤዎ በደረሰን ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጽንስ ልብ ትርታ የምታዳምጥባትን የእንጨት ጥሩንባ ከቦርሳዋ አወጣች። እኔን ርገጥ ብላ ሞተሩ ላይ ደቅና ጆሮዋን አስጠጋች። «እዚህ ጋ ትተነፍሳለች» አለችኝ። ስንፈታውም የክቡርነትዎን ፊርማ ግማሹን አገኘችው። በዚያ ምሽት ሁለታችንም እራት አልበላንም፤ እሷ በሳቅ፣ እኔ በሐፍረት። መካኒኩ ተጠርቶ የመርፌውን ስባሪ አወጣ፣ ደህና ማሸጊያም አስገባ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

ሰኞ ማለዳ ሞተሯ በአንድ ርግጫ ተነሣች፤ ድመት እንኳን አልቀሰቀሰችም። የጥበቃ ሠራተኞችዎ ግን የእገዳ ትእዛዝ ይዘው ከበራችን ላይ ቆመው ነበርና፣ ዝምታዋን በአድናቆት ካዳመጡ በኋላ ወሰዷት።

፬. እንድትለቀቅ ድምፅ እንደማታሰማ ማረጋገጥ አለብኝ ተብያለሁ። ለማረጋገጥ ሞተሯ መነሣት አለባት፤ በግቢዎ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ደግሞ በበሩ ላይ በተለጠፈው ደንብ ክልክል ነው። ሳትለቀቅ ከበሩ ውጪ መውጣትም አትችልም። ይህን ያህል የተጣጣመ ሥርዓት ከእኔ ስፌት ውስጥ እንኳን አይገኝም። በማስረጃነት ማቅረብ የምችለው፣ ግቢዎ ከገባች ወዲህ አንድም ጊዜ አለመተኮሷን ነው።

ክቡር ሆይ፣ በየማለዳው በሞተሯ ጤና ጣቢያ አደርሳት የነበረችው ባለቤቴ፣ በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት አምሳ ደቂቃ በእግሯ እየሄደች ነው ሥራ የምትገባው። ማታ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትነክራለች። ትዕቢቱ የእኔ፣ ድካሙ የእሷ ሆነ። ስለ ሌላው ሁሉ ስቀልድ ዋልኩ፤ ለዚህ ግን ቀልድ አጣሁለት፤ አፍሬአለሁ። ስለዚህ ሞተሯን በገመድ ጎትተን ከበሩ አሥር እርምጃ እናውጣትና አንድ ጊዜ ብቻ ልርገጣት። ከተኮሰች መልሰው ይሰሯት፤ እኔንም ይጨምሩኝ።

ለደንብዎ ያለኝን ታዛዥነት፣ ለወረቀትዎ ውፍረት ያለኝን የማይናወጥ እምነት፣ ላባነንኩት እንቅልፍም ጥልቅ ጸጸቴን እያረጋገጥኩ፣

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊው «ኢንጂነር»

ማስታወሻ፦ መልስዎ ቢዘገይ አልቀየምም፤ ምክንያቱን አውቃለሁና። የእገዳ ትእዛዙን በዚያ ንጹሕ አጻጻፍ የተየቡት ጸሐፊዎ ትናንት ማለዳ ምጥ ይዟቸው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ፣ ባለቤቴ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ሕፃኗን የተቀበለቻት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ባለቤቴ እያለከለከች ስትገባ ጸሐፊዎ ለምን እንደዘገየች ጠየቋት። እሷም «በእግሬ መጥቼ ነው» ብቻ አለቻቸውና እጇን ልትታጠብ ሄደች።