ከመድረኩ በስተኋላ ስላለው በር

ለሙዚቃ አዳራሹ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኮንሰርቱ ሊቀርብ በታሰበበት ሳምንት፣ ሰኞ

ጉዳዩ፦ ራምፕ (ተዳፋት መውጫ) ያለው የኋላ በር በኮንሰርቱ ዕለት፣ በመጪው ቅዳሜ፣ እንዳይቆለፍ፣ የመድረኩም የኤሌክትሪክ መስመር አስቀድሞ እንዲጠገን አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በኦርኬስትራው ሁለተኛ ቼሎ ተጫዋች ነኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ የሚጫወቱበት ክላሲካል ኮንሰርት እንዲዘጋጅ ክቡርነትዎ በፈቀዱ ጊዜ ከሁሉም በላይ ከተደሰቱት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም ምስጋናዬን አላጠፍኩም። ጽሕፈት ቤትዎ ፎቅ ላይ በመሆኑ ደጅ የምትጠናልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ይህንንም ይዛ የምትቀርበው እሷ ስለሆነች እንዳይመልሷት በትሕትና እለምናለሁ።

2. ነገሩ የሆነው ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሲምፎኒው ዝግ ብሎ የሚሄደውን ክፍል እየተለማመድን ነበር። ክላርኔት የሚጫወቱት ዓይነ ስውሩ ባልደረባችን፣ በቅጥነታቸው የተነሣ ሁላችንም ጋሽ ሸምበቆ የምንላቸው፣ ተራቸው ደርሶ ሳይነፉ ቀሩ። የኦርኬስትራችን መሪ እጇን አውርዳ ምን እንደሆኑ ብትጠይቃቸው፣ ጎማ የሚነድ ይሸተኛል አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጋሽ ሸምበቆ ጨዋታ ስለሚያውቁ በቁም ነገራቸውም ይሳቅላቸዋል። ሳቁ ሳያልቅ መብራቱ ድርግም አለ፤ ከመድረኩ በስተግራ ካለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥንም ጭስ መውጣት ጀመረ።

3. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ከመድረኩ ወደ አዳራሹ የሚወረደው በደረጃ ነው። ዊልቸር የሚያልፍበት ራምፕ ያለው በኋላ በር በኩል ብቻ ነው። በዚያ ትርምስ መሐል «እነሱን በኋላ በር!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ሌላው ይዞን የወጣ መስሎት በፊት ለፊት ወጣ። በማንም አልፈርድም። አጠገቤ የሚቀመጠው አንደኛ ቼሎ ተጫዋች እኔን እየገፋ፣ እሷም እንደ እኔ በዊልቸር የምትሄደው ቫዮላ ተጫዋች ጎማዋን በእጇ እያሽከረከረች፣ ጋሽ ሸምበቆም የወንበሬን ጀርባ ጨብጠው በሩ ጋ ደረስን። በሩ ሲገፋ ጣት በምታስገባ ክፍተት ላይ ቆመ። በውጭ በኩል በሰንሰለት ታስሯል። በዚህ አዳራሽ ስሠራ ያ በር በሥራ ሰዓት ተቆልፎ አይቼ አላውቅም።

አንደኛ ቼሎ ተጫዋቹ ቁልፉን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮን በመጣንበት ሮጠ። ሊመለስ ሲል ግን ጭሱ መንገዱን ዘጋበት።

4. እዚያ የቀረነው ሦስት ነበርን። አፍንጫችንን በየተራ ክፍተቱ ላይ እናደርግ ነበር። ጋሽ ሸምበቆን፣ እርስዎ እግር አለዎት፣ ግድግዳውን ይዘው ይውጡ አልኳቸው። «ጨለማ ለእኔ አገሬ ነው፤ እንግዶቹ እናንተ ናችሁ። እንግዳ ጥሎ ይወጣል እንዴ?» አሉኝ። እንድንስቅ ፈልገው እንደሆነ ይገባኛል። ቫዮላ ተጫዋቿ መሣሪያዋን በሹራቧ ሸፍና አቅፋው ታስል ነበር። ትንሽ ቆይታ ማሳሏን አቆመች። ስሟን ብጠራት አልመለሰችልኝም፤ እጇን ስይዘው እጄን መልሳ አልያዘችኝም። ክቡር ሆይ፣ እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ጭሱ ሳይሆን ያ ዝምታ ነው።

ቁልፉ የነበረው በጥበቃ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ሲሆን፣ እሳቸው ደግሞ ለጉዳይ ከግቢ ወጥተው ነበር። ሰንሰለቱን ቆርጦ ያወጣን የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቫዮላ ተጫዋቿ ሆስፒታል አድራ ተርፋለች፤ ድምፅዋ ግን እስከ አሁን አልተመለሰም። ልትጠይቀን የምትፈልገውን በወረቀት እየጻፈች ታሳየናለች። መጀመሪያ የጻፈችው ጥያቄ በሩን ማን እንደቆለፈው ነበር።

5. በማግሥቱ ስለ በሩ ብንጠይቅ ከጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠን ምላሽ ከአደጋው ይልቅ አስደነገጠኝ። በኮንሰርቱ ዕለት ከፍተኛ እንግዶች ስለሚገኙ የኋላ በር እንደተቆለፈ እንዲቆይ፣ አካል ጉዳተኛ ሙዚቀኞችም እንግዶች ከመግባታቸው በፊት መድረክ ላይ ተቀምጠው እንዲጠብቁና እንግዶች ወጥተው ካለቁ በኋላ እንዲወርዱ መወሰኑ ተነገረን። ለጥበቃ ኃላፊው በአካል ቀርቤ ጉዳዩን ባስረዳ፣ ሰውየው አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም ወንበር ስበው ከፊቴ ቁጭ ብለው በትዕግሥት አናገሩኝ።

«በሩ ክፍት ከሆነ ማን እንደሚገባበት አናውቅም» አሉኝ።

«ከተቆለፈስ ማን እንደማይወጣበት ታውቁ የለም ወይ?» አልኳቸው።

ትእዛዙ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ ከበላይ እንደመጣ ነገሩኝ። ይህን የምጽፈውም ከዚያ በላይ ያሉት ክቡርነትዎ ስለሆኑ ነው።

6. ማከፋፈያ ሳጥኑ አዲስ ክዳን ተገጥሞለታል፤ የጠቆረው ግድግዳም ነጭ ተቀብቷል። ባለፈው ቅዳሜ ለልምምድ ስንመለስ ግን መዳፌን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ ሞቀኝ። የአዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ ሲነሣ የመድረኩ መብራት እንቅልፍ እንደተጫነው ዓይን ክድን ክፍት ይላል። ኤሌክትሪሺያኑን ጠርቼ ስጠይቀው ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። መስመሩ በሙሉ መቀየር እንዳለበት ማመልከቱን፣ የተሰጠው መልስም ኮንሰርቱ ይለፍ የሚል መሆኑን ነገረኝ። «ከዚህ በላይ አታናግሪኝ እህቴ፤ የልጆቼ ጉሮሮ ነው» ብሎኝ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ሰውየው በእኔ ምክንያት አንዳች እንዳይደርስበት ክቡርነትዎን አደራ እላለሁ። ይህንም ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነው የጻፍኩት።

7. እህቴን ጨምሮ፣ ለምን አትተይውም የሚሉኝ አሉ። እሷ ከእናታችን ሞት በኋላ ያሳደገችኝ፣ ቼሎዬን በጀርባዋ እኔን በፊቷ እያደረገች ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ ናት፤ ቃሏን መግፋት ይከብደኛል። ሐሙስ ማታ ጭስ የጠገበ ልብሴን ስታጥብ ቆይታ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ መጥታ፣ «የኔ ልጅ፣ ያለ ሙዚቃ የኖረ ሰው ሞልቷል» አለችኝ።

መተው አስቤም ነበር። ነገር ግን የእኛ ፎቶግራፍ ያለበት ማስታወቂያ በየአደባባዩ ከተሰቀለ ወዲህ፣ ከእኛው ዓይነት ሰዎች ብዙዎቹ ትኬት ይዘዋል። በዊልቸር የሚመጡት ተመልካቾች የተደለደሉት ከአዳራሹ በስተግራ ባለው መተላለፊያ ነው። መቀመጫውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ከዋናው መግቢያ ይልቅ፣ በመድረኩ ጎን በሚያልፈው መንገድ፣ ለዚያው ለኋላው በር ይቀርባል፤ ዋናው መግቢያ ደግሞ ደረጃ ነው። በዕለቱ ሠራተኞች ተሸክመው ያስገቧቸዋል ተብሏል። ስለ መውጫቸው ብጠይቅ የተናገረ የለም። እኔ ቤቴ ብቀር እነሱ መምጣታቸው አይቀርም።

8. አሁን የማመለክተው ከሁሉም የከበደኝን ነው። እሑድ ልምምድ ካለቀ በኋላ አንደኛ ቼሎ ተጫዋቹ ተነሥቶ ቆመ። ከሐሙስ ጀምሮ ከእኔ ጋር መነጋገር አቅቶት ነበር፤ ዜማውን እየተጫወተ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። ለሁሉም እንዲህ አለ፦ «በዚያ ቀን እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ሁለተኛ ውጭ አልቆምም። ቅዳሜ የመጣ ቢመጣ፣ እነዚህ ዊልቸሮች በበሩ ሳያልፉ ከወንበሬ አልነሣም።»

ማንም አላጨበጨበም። ትራምፔት ተጫዋቹ፣ በቅርቡ መንታ የተወለደለት፣ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ እኔም እንደዚያው አለ። ከዚያ ቫዮሊኖቹ፣ ከዚያ ዋሽንቶቹ፣ በመጨረሻም መሪያችን። እኔ እያለቀስኩ ለመንኳቸው። ልጆቻችሁን አስቡ፣ ይህ ፍቅር ሳይሆን እብደት ነው አልኳቸው። ጋሽ ሸምበቆ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልዱት ጠፍቷቸው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ያን ቀን እሳቸው ለእኛ ያደረጉትን ሌሎቹ ተማሩትና ሐሳባቸውን ማስቀየር አልተቻለም። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብሬያቸው ስለሠራሁ አውቃቸዋለሁ። በሐሙሱ ጭስ የቀረነው ሦስት ነን። ከእንግዲህ የሚቀረው ኦርኬስትራው በሙሉ ነው።

ስለሆነም፣ አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፦

ሀ) በኮንሰርቱ ዕለት የኋላ በር ሳይቆለፍ እንዲውል፣ የመግቢያው ጥበቃ ካስፈለገም በሰንሰለት ምትክ ሰው እንዲቆምበት፤ እህቴ ትኬቷን ትታ በሩ ላይ ልቁም ብላለች፣ ከጠባቂው ጎን እንድትቆም ቢፈቀድላት፤

ለ) የመድረኩ የኤሌክትሪክ መስመር ከኮንሰርቱ በፊት በባለሙያ ተመርምሮ እንዲጠገን፤ ጊዜው የማይበቃ ከሆነ ኮንሰርቱ ወደ ሌላ ቀን ወይም ወደ ሌላ አዳራሽ እንዲዛወር፤

ሐ) በዊልቸር የሚመጡ ተመልካቾች በምን በኩል እንደሚወጡ ከመግባታቸው በፊት እንዲነገራቸው

ክቡርነትዎ ትእዛዝ ይሰጡልኝ ዘንድ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ለዚህ አቤቱታ የመዝገብ ቁጥር ያለው መልስ ባይደርሰኝም ግድ የለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስመጣ በሩ ክፍት ሆኖ ካገኘሁት እንዳነበቡልኝ አውቃለሁ። ተቆልፎ ካገኘሁትም ተሸክመው ያስገቡኛል፤ ቦታዬን እይዛለሁ። ባልደረቦቼም በዙሪያዬ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ የሚነሣም የለም።

ለክቡርነትዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የኦርኬስትራው ሁለተኛ ቼሎ ተጫዋች

አቅራቢ፦ ታላቅ እህቷ