ሳህኖቹ መሃል የወሸቅሽው መጽሐፍ

ለምሳሳልሽ እህቴ ለካሎላይኔ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሲያሠቃይሽ የከረመው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ቴቪታስ፣ ልጆቹስ? የኦክላንድ ብርድ ዘንድሮ በረታ ሲሉ ሰምቼ ሆዴ ባባ። እዚያ የምትጦሪያቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎችስ እንዴት ናቸው? ተረኛ ስትሆኚ ካልሲ ደርበሽ አድርጊ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቶ ነበር፤ አሁን እንደ አሮጌ በር እየተንጫረረም ቢሆን ይወጣል። እማዬም ደህና ናት። ይህቺን «ደህና ናት» ለወግ ያህል የጻፍኳት እንዳይመስልሽ። የተቀመጥኩት እሷኑ ላጫውትሽ ነው።

ሳጥኑ ደርሶናል። ሳህኖቹ አንድም ሳይሰበር ገቡ፤ እጅሽ ይባረክ። ግን እህቴ፣ ሳህኖቹን ተያቸው። እንዳይጋጩ ብለሽ መሃላቸው የወሸቅሽውን መጽሐፍ ታስታውሺዋለሽ? ሽፋኑ ላይ ብስክሌት የያዘች ልጅ ያለችበት፣ የኮረዶችና የጎረምሶች የፍቅር ልቦለድ። አንቺ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቆጥረሽው ይሆናል፤ እኔም እሳት ላያይዝበት ነበር። በሃምሳ ዓመቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፍቅር ምን ያደርግልኛል? እስቲ አንድ ገጽ ልየው ብዬ ከፈትኩት፤ ወጡ አረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውስትራሊያ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሮዊ የምትባል ልጅ አለች፤ የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሚሸጥበት ቤት ታገለግላለች። የዋና ገንዳውን የሚያጸዳው ዴክላን የሚባል ልጅ ብቅ ሲል ዓይኗ እሱ ላይ ይቀርና ድንቹ ላይ ጨው ደጋግማ ትነሰንሳለች። እሱም ጨው የሆነውን ድንች እሷን እሷን እያየ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ሌላው ደግሞ ዋንጫው ነው። የከተማው የዋና ውድድር ዋንጫ ከተቆለፈበት የመስታወት ቁም ሣጥን በየሳምንቱ ይጠፋና፣ ተወልውሎ፣ ውስጡ አንድ ነገር ተጨምሮበት ይመለሳል። አንዴ ሎሚ፣ አንዴ ዛጎል፣ አንዴ የሕፃን ካልሲ። ቁልፉ ዴክላን ጋ ስለሆነ ሰው ሁሉ እሱን ጠረጠረ። ልጁ አልወሰድኩም ይላል እንጂ ማን እንደወሰደው ትንፍሽ አይልም። ሮዊ ትመነው ወይስ አትመነው? በቃ ይኸው ነው። ቀላል ነው፣ ማንም አይሞትበትም። ግን ጸሐፊዋ እያሳቀች ትወስድሽና ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ልብሽን አንጠልጥላ ትተውሻለች። መሳሳሙንም ብትይ አታጣድፈውም፤ አንባቢው ራሱ «በሉ እንጂ» እስኪል ታስጠብቀዋለች። እንዴት ያለች ሴት ናት ብዬ ስንት ጊዜ ብቻዬን ተደነቅሁ።

እማዬ እንዴት ሆና እንደነበር ታውቂያለሽ። አባታችንን ከቀበርን ወዲህ፣ ዓይኗም ጨርሶ ከጠፋ ወዲህ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ሰሌን ወደሚሠሩበት ቤት ዝር ብላ አታውቅም። በመንደሩ በሰሌን ሥራ የሚስተካከላት ያልነበረች ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጥጓን ይዛ መዋል ሆነ ሥራዋ። የቀረበላትን አንድ ሁለቴ ጎርሳ ትመልሰዋለች። አንቺ በስልክ ስትጠይቂኝ «ያው ናት» ከማለት በቀር ምን እልሽ ነበር? ያን ቀን ግን የጨዉን ነገር እያነበብኩ ብቻዬን ስንከተከት፣ ከጥጓ ሆና «ምንድን ነው የሚያስቅሽ?» አለችኝ። እናታችን ነገር ከጠየቀች ስንት ዘመኗ ነው። ወደ ቋንቋችን እየመለስኩ አነበብኩላት። ምዕራፉ ሲያልቅ «ከዚያስ?» አለች። እኔም ብልጠት መጣልኝና የቀረው የሚነበበው ሰሌን ቤት ነው አልኳት። ተነጫነጨች፣ ልክ ልኬን ነገረችኝ፤ በማግስቱ ግን ክንዴን ይዛ ወጣች።

ሴቶቹ ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ የሚሰጠውን ትልቁን ሰሌን ጀምረው ነበር። እነሱ ይጎነጉናሉ፣ እኔ አነባለሁ። ያቺ ምላሳሟ ጎረቤታችን ሌሲኤሊ መጀመሪያ የልጆች ነገር ነው ብላ አፏን አጣማ ነበር፤ ሳይውል ሳያድር ከሁሉ ቀድማ ቦታ የምትይዘው እሷ ሆነች። ዋንጫውን የሚሰርቀው ማነው የሚለው ነገር ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ሌሲኤሊ የዋና አስተማሪው ነው ብላ ማለች። እማዬ ሰምታ ሰምታ «አሮጊቷ ናት» አለች። የቷ አሮጊት አልናት። በየምዕራፉ ዓሣ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ ሻይ የምትጠጣው የዴክላን አያት ናት አለችን። ሳቅንባት። አንባቢዋ እኔ እንኳ አሮጊቷ መኖሯን ልብ አላልኩም ነበር።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለች እማዬ። «ጥግ የተቀመጠችን አሮጊት ማን ያያታል?»

የወንድማችን የፊኔአሲ ነገር ደግሞ አለልሽ። ኦክላንድ ሆነሽ ካልረሳሽው በቀር፣ እኛ ዘንድ ወንድምና እህት አንድ ላይ ባሉበት የፍቅር ወሬ አይነሳም፤ ከተነሳም አንዳቸው ውልቅ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ እሱ በደጅ ሲያልፍ ሌሲኤሊ ትጎስመኛለች፣ እኔም ዝም እላለሁ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የዓሣ መረቡን ተሸክሞ መጥቶ ከሰሌን ቤቱ ጀርባ ተቀምጦ መጠገን ጀመረ። እኔ ካላየሁት የለም፤ እሱም ካላየኝ አልሰማም ማለት ነው። በየቀኑ ያው መረብ። አንድ ቀን ሌሲኤሊ ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ይሄ መረብ አያልቅም ወይ፣ ለመሆኑ ዓሣ ነው ወይስ ወሬ የሚያዝበት ብትል፣ ከግድግዳው ጀርባ መረቡ ቶሎ ቶሎ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። እሑድ እሑድ ቆሞ የሚሰብከን ሰው ነው እንግዲህ።

ሁለት ምዕራፍ ሲቀረን ጉንፋኑ መንደሩን አዳረሰው። የእኔ ድምፅ ጠፋ፤ እማዬ ግን አልጋ ያዘች። ትኩሳቱ ቢለቃትም እህል አልቀምስም አለች። ነርሷ መጥታ አየቻትና ይሄ በመድኃኒት የሚሆን አይደለም፣ ካልበላች ግን አትቆይም ብላን ሄደች። ፈራሁ፣ ካሎላይኔ። ቶሎ ድረሺ ብዬ ልጽፍልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። እማዬ ራሷ ለመሄድ የተሰናዳች ትመስላለች። «መሄዱስ ግድ የለኝም» አለችኝ። «ሌባውን ሳላውቅ መሄዴ ነው የሚቆጨኝ።» ላንብብላት ብል ከጉሮሮዬ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሴቶቹ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም።

ከሰዓት በኋላ ፊኔአሲ መጣ። የክብር ሰሌኑን፣ ታኦቫላውን፣ ወገቡ ላይ ጥብቅ አድርጎ ታጥቆ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነው የሚመስለው። በሩ ላይ ቆሞ ምሰሶውን እያየ «ፒሲላ፣ የሚላጥ ጎደሬ ያለ መሰለኝ» አለኝ። ተልጦ አልቋል አልኩት በእጄ።

«እንግዲያው ቦዬ ላጪ።»

ያኔ ገባኝ። ሰውዬው የመጣው ለመጽሐፉ ነው። አውስትራሊያ እየተመላለሰ ወይን ሲለቅም ስለኖረ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል፤ ግን እህቱ ፊት እንዴት ብሎ ያንብበው? ቢላዬንና ቦዬውን ይዤ ወጣሁና ማንጎው ሥር ጀርባዬን ለቤቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ቃሉ አይለይልኝም፣ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ሲጀምር እንደ ስብከት ከበድ አድርጎ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጉንፋን ያልነካውን ሰውዬ ሳል ያዘው። እማዬ ጮክ ብላ «ፊኔአሲ፣ እዚያ የተጻፈው ሳል አይደለም፤ ያለውን አንብብ» ስትለው ሰማሁ። ቀጠለ። ከዚያ እናታችን ሳቀች። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያልሰማነውን፣ ያን ከሆዷ የሚወጣውን ሳቋን። ቢላውን አስቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ቆየት ብሎ ፊኔአሲ ወጣና ወደ ባሕሩ እያየ፣ ዓሣ ካለ ትበላለች አለኝ። ጆሮው ቲማቲም መስሎ ነበር።

ሌባው ማን ሆኖ ተገኘ ብዬ እሱን መጠየቅ አልችልም። መጽሐፉን ልውሰድ ብገባ እማዬ ተቀምጣበታለች። ስለምናት ጊዜ ሰሌን ቤት ውሰጂኝና ትሰሚያለሽ ብላ ድርቅ አለች። በልታ በልታ ጉልበቷ ሲጸናላት ወሰድኳት። ጥግ አልያዘችም፤ መሃል ገብታ ተቀመጠች። ሁለቱን ምዕራፍ በቃሏ ተረከችልን።

ሌባዋ አሮጊቷ ናት። በልጅነቷ ያን ውድድር አሸንፋ፣ ሴት ልጅ ናት ብለው ዋንጫውን ከኋላዋ ለደረሰው ወንድ ልጅ ሰጥተውባት ኖሯል። በስተርጅና የልጅ ልጇን ቁልፍ እያነሳች ዋንጫዋን ቤቷ ታሳድረዋለች። ከጓሮዋ ሎሚ፣ ከዋኘችበት ባሕር ዛጎል፣ ዴክላን ሕፃን ሳለ ያደረገውን ካልሲ እየጨመረች ትመልሰዋለች። ልጁ ስሙ የጠፋው አያቱን አላጋልጥም ብሎ ነው። ሮዊም ይህን ስታውቅ ዋንጫውን በአደባባይ ይዛ ሄዳ ለአሮጊቷ አስረከበቻት። ሌሲኤሊ አለቀሰች፤ ስንጠይቃት ጉንፋን ነው አለች። የአንዲቷም እጅ አይሠራም ነበር። ሮዊና ዴክላን ባሕሩ ዳር ብቻቸውን ሲቀሩ ግን እማዬ ቀጥ አለች።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር ሆነ» አለች። «ግን እህቱ እዚህ፣ ያ መረብ ጠጋኝ ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ ስላለ አልናገርም።»

ከግድግዳው ጀርባ ሳል ተሰማ። መጨረሻውን ራሱ ያነበበው ሰው፣ እማዬ ስትናገረው ሊሰማ መጥቶ ኖሯል።

አሁን በየቀኑ ሰሌን ቤት ናት። ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች ሌሲኤሊን ላልቶብሻል፣ ፍቺው ትላታለች። ሌሲኤሊም እያጉረመረመች ትፈታዋለች።

ቴቪታን እጅግ አድርገሽ ሳሚልኝ። ቪካንና ማፊን አክስታችሁን ናፍቃችኋታል በያቸው። ሌሲኤሊ ሰላም ብላሻለች፤ ያቺ ጸሐፊ ሌላ ጽፋ እንደሆነ አጣሪልኝ ትላለች። ፊኔአሲ ለሳህኖቹ አመስግኚልኝ ብሏል፤ ስለ መጽሐፉ ምንም አላነሳም። እማዬ ስሜሻለሁ ትላለች። ይህን ደግሞ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊላት ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች፦ «እዚያ የምትጦሪያቸው አሮጊቶች ጥጋቸውን ይዘው ዝም ሲሉ የሌሉ እንዳይመስሉሽ። አጠገባቸው ቁጭ በይና አጫውቻቸው። አንዷ ዋንጫ ሳትደብቅ አትቀርም።»

እህትሽ ፒሲላ
ቫቫኡ፣ ቶንጋ
ኦገስት 9 ቀን 2016