ኪቦርድ አልተገኘም

አንተ እሺ ባይ፣

ከአልጋህ በባዶ እግርህ እንዳትወርድ። የኪቦርዱ ቁልፎች ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ ሁሉንም አልለቀምኩም።

ቅንድብህ መሰፋት አለበት። ጤና ጣቢያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ይከፈታል። ማን መታህ ካሉህ እውነቱን ንገራቸው። ደረጃ ላይ ወደቅኩ ምናምን እንዳትል።

ግን አንተም አበዛኸው። አስተናጋጅ ስለሆንክ ለጠየቀህ ሁሉ እሺ ማለት ለምዶብሃል። አሮጌው ኮምፒውተሬ እንኳ «እዚህ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነህ?» ሲልህ እሺ አልከው! የስምንት ወር የትርጉም ሥራዬ፣ ሦስት መቶ ገጽ፣ ድራሹ ጠፋ። «እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረህ ላጽዳልህ ብዬ እኮ ነው» ስትለኝ ኪቦርዱን መንጭቄ ግንባርህ ላይ ሰበርኩት።

እሱስ ይሁን።

ሁለተኛው ምት ግን... ማሽኑ «ኪቦርድ አልተገኘም። ለመቀጠል የኤፍ አንድን ቁልፍ ይጫኑ» ብሎ ጻፈ። አንተ ደምህ እየተንጠባጠበ ጎንበስ ብለህ አነበብክና፣ «ኤፍ አንድ ግንባሬ ላይ ቀርታለች መሰለኝ፣ ልጫናት?» ብለህ ሳቅክ። ያኔ ነው በቡጢ የደገምኩህ። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ስለነበር።

የሕመም ማስታገሻ መሳቢያው ውስጥ አለ። ምግብ ሳትቀምስ እንዳትውጠው።

ወንድሜ ጋ ነኝ። አትደውልልኝ።

ማሽኑን ግን እንዳትጥለው። ያ ቆርቆሮ እንኳ ከማጥፋቱ በፊት እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠይቋል።

እኔ አልጠየቅኩም።