ረቡዕ ዕለት የጨሰው ሳውና

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8
ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ተነስቶ ደጃፋችን ድረስ መጣ። እማዬ በመስኮት ታየዋለች። "ላሞቹ ገቡ?" አለችኝ። ላሞቹን ከሸጥን ስንት ዘመን... "ገብተዋል" አልኳት። ደስ አላት። ገንፎዋን አበላኋት፣ ልብሷን ቀየርኩላት፣ ቁጭ ሳልል ምሳ ሰዓት ደረሰ። ደህና ነኝ። ነኝ መሰለኝ።

አርብ፣ ጁላይ 11
ራይሊ፣ የጎረቤታችን የኦስሞ ሚስት፣ በአጥሩ በኩል "እንዴት ናችሁ?" አለች። "ምንም አንል" አልኳት። መቼም የምለው ይህንኑ ነው። እኛ አገር የተቸገረ ሰው በሩን ይዘጋል፤ ጎረቤቱም ላለማስቸገር ብሎ ያልፋል። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለምን? ጨው የት እንዳስቀመጥኩ ስለጠፋኝ።

እሁድ፣ ጁላይ 13
እማዬ ዛሬም ወደ ሐይቁ ሄደች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ደረስኩባት። ባልደርስስ?

ረቡዕ፣ ጁላይ 16
ሰሞኑን ስራመድ መሬቱን የምረግጥ አይመስለኝም። እንጨት ፈለጥኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ እንደ ቅዳሜ ልማዳችን ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችንን፣ አነደድኩ። እማዬን ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ... ነፋስ የለ፣ ድምፅ የለ። እያየሁት ፈዝዤ ቀረሁ።

ኦስሞ መጣ። ሳይጠራ መጥቶ አያውቅም። እማዬን አየ፣ ጭሱን አየ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። 
"እናትሽ ሄልቪ ያረፈች መስሎኝ ነው የመጣሁት" አለ።
"ምን ትላለህ?"
"በአዘቦት ቀን ሲጨስ... ድሮ ሬሳ የምናጥበው እዚያ አልነበር?"
"ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ።"
"ረቡዕ ነው፣ ሲኒካ።"

ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ እንባ ሆነ። "ደክሞኛል" አልኩ። ይህን ቃል ለሰው ተናግሬ አላውቅም። "ውሃ ውስጥ ብትገባ እንኳ የምሰማ አይመስለኝም። እንዲህ ነው የደከመኝ።"
እማዬ ዞር ብላ አየችን። "ይቺ ልጅ ምን ያስለቅሳታል? እሳቱ ይጠፋባችኋል።"
"እውነቷን ነው" አለ ኦስሞ። "በይ ግቢ። እኔ አለኋት።"
ገባሁ። የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ደፋሁ፤ እንፋሎቱ ሸፈነኝ። የት እንዳለሁ ረሳሁ... እንዴት ደስ ይላል መርሳት።

አርብ፣ ጁላይ 18
ራይሊ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች። "ማክሰኞና አርብ የኔ ተራ ነው" አለች።
"ኧረ አይሆንም..."
"ለምን አልነገርሽንም?"
"ለምን አልጠየቃችሁኝም?"
ሁለታችንም አፈርን። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ደወልን፤ እሷ ቁጥሩን መታች፣ እኔ አወራሁ። ቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው በየወሩ የእረፍት ቀን ይገባዋል አሉን፤ እኔ አንድም ቀን ወስጄ አላውቅም። ምንን ነበር የማስመሰክረው?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
የራይሊ ተራ ስለሆነ የብሉቤሪ ፍሬ ለቀማ ጫካ ሄድኩ። መሬቱን በሸፈነው ለስላሳ የድንጋይ ሽበት ላይ ጋደም ብል እንቅልፍ ይዞኝ ጠፋ። ስነቃ ብርሃኑ በዛፎቹ መሃል አረንጓዴ ነበር። ሐይቁ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። አልሮጥኩም።

በራችን ላይ ስደርስ እማዬ ውስጥ ትስቃለች። እስክታስል ድረስ። ራይሊ ምን እንዳለቻት እንጃ። ከኔ ጋር እንዲህ የሳቀችው መቼ ነው? ቀናሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ቀናሁ። በሩን ልከፍት እጄን ዘረጋሁ... ተውኩት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ብሉቤሪዬን መብላት ጀመርኩ። ትንሽ ይሳቁ።